የቤት ወጪን በማስተዋል መምራት፦ ቅናሽ፣ ወቅትና የጋራ ግዢ

መግቢያ

በዚህ እትም የትምህርት ዐምዳችን ስለ ቤት አስቤዛ አገዛዝ እንማማራለን። የቤተሰብን ገቢ ማሳደግ የልማት ሥራ ዐቢይ ግብ ነው። ይሁን እንጂ ገንዘቡ የሚወጣበት በር ካልተጠበቀ፣ የተጨመረው ገቢ ለቤተሰቡ የሚፈይደው ጥቂት ነው።

ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው ቤተሰቦች ዘንድ ከገቢው ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ምግብ ነው። ወጪው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ እኩል አይደለም። በነሐሴና በመስከረም የአሮጌው እህል ክምችት ይመናመናል፣ ዋጋም ይወጣል። በዚያው ሰሞን የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ደብተርና የደንብ ልብስ ይመጣሉ፤ እንቁጣጣሽና መስቀልም ይከተላሉ። አስቀድሞ ያልተዘጋጀ ቤተሰብ በዚህ ጊዜ ወይ ዱቤ ይገባል ወይ ከልጆቹ ማዕድ ይቀንሳል። ስለዚህ ከአስቤዛ ላይ ጥቂት ብር ማትረፍ ትንሽ ነገር መስሎ ቢታይም፣ የሚወስነው ልጁ በመስከረም ደብተር ይዞ መሄድ አለመሄዱን ነው።

ይህን ትምህርት የተከታተለ አንባቢ እውነተኛውን ቅናሽ ከአሳሳቹ ይለያል፤ ዕቃን በመለኪያው ያነጻጽራል፤ በወቅቱ ይገዛል፤ ከጎረቤቶቹም ጋር ተባብሮ መግዛትን ይጀምራል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

1. ኩፖንና ቅናሽ

«ኩፖን» የሚለውን ቃል ሲሰሙ በዕድሜ የገፉ ወገኖቻችን የሚያስታውሱት የደርግን ዘመን የቀበሌ ሱቅ ነው። በዚያን ጊዜ ቤተሰቡ ስኳርና ሌሎች መሠረታዊ ሸቀጦችን በተመደበለት መጠን ይገዛ ነበር። በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ኩፖን የሚሉት ግን ሌላ ነው፤ ከጋዜጣ ተቀድዶ ወይም በስልክ ተልኮ፣ ሲገዙ ከዋጋው ላይ የሚያስቀንስ ወረቀት ነው። ስማቸው አንድ ቢሆንም ተግባራቸው ይለያያል። የመጀመሪያው በእጥረት ጊዜ ያለውን ለማከፋፈል የተዘጋጀ ሲሆን፣ ሁለተኛው ገዢን ለመሳብ የታሰበ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ላይ ኮካ ኮላ በአሜሪካ አንድ ብርጭቆ በነፃ የሚያስጠጣ ወረቀት ያድል የነበረው፣ ሰው አንድ ጊዜ ከቀመሰው ተመልሶ እንደሚገዛ አስቦ ነው። እንግዲህ ቅናሽ በመጀመሪያ የሻጩ መሣሪያ ነው። ገዢውም የሚጠቀምበት ማስተዋል ሲጨምርበት ነው።

በከተሞቻችን ከበዓላት በፊት ባዛሮች ይከፈታሉ፤ በየሱቁ በር «ታላቅ ቅናሽ»፣ «ሁለት ለገዛ አንድ በነፃ» የሚሉ ጽሑፎች ይለጠፋሉ። ከእነዚህ ፊት ስንደርስ ሦስት ጥያቄዎችን ራሳችንን እንጠይቅ።

ሀ. ቅናሹ ከየትኛው ዋጋ ላይ ነው? 600 ብር ይሸጥ የነበረ ዕቃ 800 ተብሎ ከተጻፈበት በኋላ «25 በመቶ ቅናሽ» ቢባል፣ የምንከፍለው ያንኑ 600 ብር ነው። የቀድሞውን ዋጋ የማያውቅ ሰው ቅናሹን ሊመዝን አይችልም።

ለ. ባይቀንስ ኖሮ እንገዛው ነበርን? 400 ብር የነበረውን የማያስፈልገንን ዕቃ በ300 ብር ስንገዛ 100 ብር አተረፍን እንላለን። በእውነቱ ግን 300 ብር አወጣን እንጂ ያተረፍነው የለም።

ሐ. እስክንጨርሰው ይቆያል? የታሸጉ ምግቦች ብዙ ጊዜ በቅናሽ የሚሸጡት የአገልግሎት ዘመናቸው ሊያበቃ ሲቃረብ ነው። በማሸጊያው ላይ የሚታተመው ቀን በአብዛኛው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንዘንጋ። ከእኛ አቆጣጠር ጋር የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ስላለው፣ ጊዜው ያለፈበትን ዕቃ ገና ብዙ ዓመት እንደቀረው አድርገን ልናነብብ እንችላለን።

2. በመለኪያ ማነጻጸር

የዕቃ ርካሽነት የሚታወቀው ለአንድ ኪሎ ወይም ለአንድ ሊትር ስንት እንደሚደርስ በማስላት ነው። ለምሳሌ አንድ ኪሎ የልብስ ሳሙና ዱቄት 210 ብር፣ ግማሽ ኪሎው ደግሞ 95 ብር ቢሆን፣ ሁለት ትንንሾችን የገዛ ሰው 190 ብር ይከፍላልና 20 ብር ያተርፋል። ስለዚህ «ትልቁ ሁልጊዜ ይረክሳል» የሚለው ልማድ አያዛልቅም፤ ማስላት ይገባል።

ይሁን እንጂ በአብዛኛው የሚያጋጥመን የዚህ ተቃራኒ ነው። ዘይትን በትንሽ ጠርሙስ፣ ስኳርን በሲኒ፣ ሽንኩርትን በመደብ የሚገዛ ሰው፣ ተጠራቅሞ ሲሰላ በጅምላ ከሚገዛው የበለጠ ይከፍላል። በሌላ አነጋገር አነስተኛ ገቢ ያለው ሰው ለአንድ ዓይነት ዕቃ ከባለጸጋው አብልጦ ይከፍላል ማለት ነው። ይህን የሚያደርገው ዕውቀት አንሶት ሳይሆን በአንድ ጊዜ የሚያወጣው ገንዘብ ስለሌለው ነው። መፍትሔውንም በ4ኛው ክፍል እንመለከተዋለን።

3. ወቅቱ የሚሰጠው ቅናሽ

በአገራችን ትልቁ ቅናሽ የሚገኘው ከሱቅ ማስታወቂያ ሳይሆን ከመከሩና ከቀን መቁጠሪያው ነው። ጤፍ በብዙ አካባቢዎች ከኅዳር ጀምሮ ታጭዶ፣ ተወቅቶ ገበያውን የሚሞላው ከጥር ወዲህ ነው። ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ዋጋው በአብዛኛው ረገብ ይላል፤ ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ይወጣል። በየካቲት የገዛነው ጤፍ ነሐሴ ላይ ከሚሸጠው በኪሎ 15 ብር የሚረክስ ቢሆን፣ በአንድ ኩንታል 1,500 ብር ይተርፈናል። ሽምብራና ምስርም እንዲሁ ምርታቸው በደረሰበት ሰሞን ቢገዙ ይመረጣል። ሽንኩርት ግን ቶሎ ስለሚበላሽ፣ ረክሷል ተብሎ ለወራት አይከማችም።

የአጽዋማት ጊዜም በገበያው ላይ ግልጽ ለውጥ ያመጣል። በ55ቱ ቀናት የዐቢይ ጾም የቅቤና የእንቁላል ፈላጊ ይቀንሳል፤ የትንሣኤ ዋዜማ ሲደርስ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ገበያ ስለሚወጣ ዋጋው ይንራል። ቅቤን በጾሙ አጋማሽ ገዝቶ፣ በኮረሪማና በኮሰረት አንጥሮ ማስቀመጥ ለዚህ ጥሩ መላ ነው፤ በደንብ የተነጠረ ቅቤ ለወራት ይቆያልና። በአንጻሩ ምስር፣ ሽሮና ዘይት በጾም ወራት ስለሚፈለጉ፣ ከጾሙ መግቢያ ቀደም ብሎ መግዛት ይሻላል።

በወቅቱ የተገዛ እህል በአግባቡ ካልተቀመጠ ትርፉ ለነቀዝና ለአይጥ ይሆናል። እህሉ በሚገባ የደረቀ መሆኑን እናረጋግጥ፤ ጆንያውንም ከወለሉ ከፍ አድርገን በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳው ራቅ አድርገን እናስቀምጥ። ጤፍ ነቀዝን ስለሚቋቋም ብዙ አያስቸግርም። ለጥራጥሬ ግን አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ይመረጣል፤ አፉ ጠብቆ ከታሰረ ውስጡ ያለው ነቀዝ አየር አጥቶ ይሞታል። ሰው በሚያድርበት ቤት የእህል መድኃኒት እንክብል መጠቀም ግን ፈጽሞ አይገባም። ከእንክብሉ የሚወጣው ጋዝ ሰውን ይገድላል።

በዚህ ረገድ አንድ ልዩነት እናስተውል። ዮሴፍ በግብፅ በጥጋቡ ዘመን እህል ያከማቸው በረሃቡ ዘመን ሕዝቡ እንዳይጠፋ ነው። ለቤተሰብ ቀለብ ማስቀመጥ ማስተዋል ነው፤ ዋጋ እስኪወጣ ጠብቆ ለመሸጥ ሸቀጥ መደበቅ ግን በወንድም ችግር መነገድ ነው። ስኳር ወይም ዘይት ጠፋ በተባለ ጊዜም ከሚያስፈልገን በላይ ተሻምተን ብንገዛ፣ እጥረቱን በጎረቤታችን ላይ እናብሳለን።

4. የጋራ ግዢ

ኩንታል የመግዛት አቅም የሌለው ቤተሰብ ምን ያድርግ? መልሱ በባህላችን ውስጥ አለ። ለበዓል በሬ መግዛት የማይችሉ ጎረቤቶች በቅርጫ ተካፍለው ያርዳሉ። ይህ ሥርዓት ለጤፍ፣ ለሽንኩርትና ለዘይት የማይሆንበት ምክንያት የለም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለምን?

ለምሳሌ አምስት ቤተሰቦች በየቀኑ 20፣ 20 ብር ቢያስቀምጡ በ10 ቀን 1,000 ብር ይሞላል። ተሰብስበው ከጅምላ ገበያ 100 ኪሎ ሽንኩርት ቢገዙና በኪሎ 10 ብር ቢረክስላቸው፣ የዋጋው ልዩነት 1,000 ብር ነው። ለማመላለሻ 400 ብር ቢያወጡ 600 ብር ይቀራል፤ ለእያንዳንዱም ቤት 120 ብር ይደርሰዋል። ማመላለሻው 1,000 ብር የሚፈጅ ከሆነ ግን ምንም ትርፍ የለውም። ስለዚህ የታክሲው፣ የተሸካሚውና የወፍጮው ሒሳብ ሁልጊዜ አብሮ ይሰላ። ገበያ የምትውለው እናት ጊዜም ዋጋ እንዳለው እንቁጠር፤ ተራ ገብቶ በየሳምንቱ አንድ ሰው ለሁሉም ቢገዛ ድካሙም ይቀንሳል።

ገንዘቡ የሁሉም ስለሆነ ሦስት ነገሮች አይጓደሉ፦ ያዋጣውና የወጣው በመዝገብ ይጻፍ፤ ግዢውን ሁለት ሰዎች በአንድነት ይፈጽሙት፤ ክፍፍሉም ሁሉም ባለበት በሚዛን ይሁን። ስብስቡ ከጠነከረ በኋላ የአካባቢው የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር አባል መሆን ተጨማሪ በር ይከፍታል። በአዲስ አበባ በቅርብ ዓመታት የተስፋፋው የእሑድ ገበያም አምራቾችንና ማኅበራትን ከሸማቹ ጋር ስለሚያገናኝ ዋጋ ለማነጻጸር ይጠቅማል።

5. የሸማቹ መብትና ጥንቃቄ

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው የዕቃውን ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይና ደረሰኝ እንዲሰጥ ይደነግጋል። ሸማቹም ዕቃውን ስላየ ወይም ዋጋ ስለተደራደረ ብቻ እንዲገዛ እንደማይገደድ ያስቀምጣል። ስለዚህ ጠይቆ፣ አይቶና ተከራክሮ መሄድ የሚያሳፍር ተግባር አይደለም።

ዋጋው ከገበያው እጅግ ያነሰ ዕቃ ሲገጥመንም እንጠንቀቅ። በርበሬን ከሸክላ ዱቄት፣ ማርን ከስኳር፣ ቅቤን ከባዕድ ነገር ጋር ቀላቅሎ መሸጥ የታወቀ ማጭበርበር ነው። በርበሬን ዛላውን ገዝቶ በቤት ማዘጋጀት ድካም ቢኖረውም ጤናን ይጠብቃል።

6. የተረፈው ገንዘብ የት ይደር?

ከአስቤዛ የተረፈ ብር በኪስ ካደረ በማግስቱ ለሌላ ነገር ይወጣል። ስለዚህ በተረፈበት ዕለት ስም ተሰጥቶት፣ ለምሳሌ «የመስከረም ደብተር» ተብሎ፣ ለብቻው ይቀመጥ። ዕቁብ ጥሩ ረዳት ቢሆንም ዕጣው የሚወጣበት ቀን ስለማይታወቅ፣ በየካቲት ጤፍ ለመግዛት ያሰበ ሰው በቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ቢቆጥብ ይሻለዋል። በወለድ ተበድሮ እህል ለመግዛት የሚያስብም ወለዱን ከሚያገኘው የዋጋ ልዩነት ጋር አስቀድሞ ያነጻጽር።

የአንድ ወር መልመጃ

አንድ ደብተር እናዘጋጅና አራት ዐምድ እናስምርበት፦ ቀን፣ የዕቃው ዓይነትና መጠን፣ የከፈልነው ዋጋ፣ የገዛንበት ቦታ። ለ30 ቀናት ሳናቋርጥ እንጻፍ። በወሩ መጨረሻ ባልና ሚስት፣ ከፍ ያሉ ልጆችም ጭምር በአንድነት ተቀምጠው፣ በብዛት የተገዙትን አምስት ዕቃዎች ይለዩ፤ ከእነርሱም መካከል በወቅቱ ወይም በጋራ ሊገዛ የሚችለውን አንዱን ይምረጡ። በአንድ ዕቃ መጀመር በቂ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ባለፈው በዓል በቅናሽ ከገዛናቸው ዕቃዎች መካከል እስከ ዛሬ የምንጠቀምበት የትኛው ነው?
2. በአካባቢያችን የጤፍና የሽንኩርት ዋጋ የሚረክሰው በየትኛው ወር ነው?
3. አብረውን በጋራ ሊገዙ የሚችሉ አራት ጎረቤቶች እነማን ናቸው?

ማጠቃለያ

ጌታችን ሕዝቡን በበረከት ካጠገበ በኋላ የተረፈው ፍርፋሪ እንዳይጠፋ እንዲሰበሰብ አዝዟል። ቁጥብነት ከስስት የሚለየው በዚህ ነው፤ ስስታም ለራሱ ይሰበስባል፣ ቁጥብ ግን የተሰጠው እንዳይባክን ይጠነቀቃል። በየሱቁና በየገበያው የምናተርፋት ጥቂት ብር ልጅን ለማስተማሪያ፣ በሽተኛን ለማሳከሚያ፣ የተቸገረንም ለመርጃ ትውላለችና፣ ትምህርቱን በየቤታችንና በየማኅበራችን ተወያይተን በሥራ እንድንገልጠው በአክብሮት እናሳስባለን።