የድምፅ ቅጂን ናሙና ስንቀንስ ምን እናጣለን?

የሰው ድምፅ በአየር ውስጥ የሚጓዝ የግፊት ሞገድ ነው። ማይክሮፎን ይህን ሞገድ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጠዋል፤ ኮምፒዩተር ደግሞ የምልክቱን መጠን በእኩል የጊዜ ልዩነት እየለካ በቁጥር ይመዘግባል። እያንዳንዱ ልኬት ናሙና ይባላል። በእያንዳንዱ ናሙና 2 ባይት ብንመድብ፣ በሰከንድ 48,000 ናሙናዎች የተቀዳ የአንድ ሰዓት ንግግር 345.6 ሚሊዮን ባይት ይፈጃል። ለስልክ ንግግር ለረጅም ጊዜ ወደሠራው 8,000 ብናወርደው ግን 57.6 ሚሊዮን ባይት ይበቃዋል። ታዲያ ከየስድስቱ ናሙናዎች አንዱን ይዘን አምስቱን ብንጥል ሥራው ተጠናቀቀ ማለት ነውን?

አይደለም። ምክንያቱን ለመረዳት በሰከንድ 24 ምስሎች የሚያነሣ የፊልም ካሜራ እናስብ። ጠርዙ ላይ አንድ ነጭ ነጥብ ያለበት ጎማ በሰከንድ 23 ጊዜ ቢሽከረከር፣ ከአንዱ ምስል እስከ ቀጣዩ ድረስ ነጥቡ ሙሉ ዙር ለመጨረስ የዙሩ 1/24ኛ ይጎድለዋል። ስለዚህ በፊልሙ ላይ ጎማው በሰከንድ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ሲዞር እናያለን። እያንዳንዱ ምስል ትክክል ነው፤ ምስሎቹ ግን ሁለቱን እንቅስቃሴዎች ለመለየት አይበቁም።

በድምፅም የሚሆነው ይኸው ነው። ሃሪ ናይኩዊስት እ.ኤ.አ. በ1928 በቴሌግራፍ ጥናቱ መሠረቱን የጣለለት፣ ክላውድ ሻነን ደግሞ በ1949 በግልጽ ያስቀመጠው ሕግ እንደሚለው፣ የናሙናዎቹ ብዛት በሰከንድ በድምፁ ውስጥ ካለው ከፍተኛ ድግግሞሽ እጥፍ መብለጥ አለበት። በሰከንድ 8,000 ናሙናዎች ስንወስድ ወሰናችን 4,000 ኸርዝ ነው። ከዚህ በላይ ያለው ድምፅ ዝም ብሎ አይጠፋም፤ ወደ ታች ይታጠፋል። 6,500 ኸርዝ የነበረው 8,000 ሲቀነስ 6,500፣ ማለትም 1,500 ኸርዝ ሆኖ ይሰማል። ተናጋሪው ያላሰማው ባዕድ ድምፅ ከንግግሩ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ናሙናዎቹን ብቻ አይተን ከእውነተኛው 1,500 ኸርዝ ልንለየው አንችልም።

ስለዚህ የሥራው ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። በመጀመሪያ ከአዲሱ ወሰን በላይ ያለውን ድግግሞሽ በማጣሪያ እናስወግዳለን፤ ከዚያ በኋላ ናሙናዎቹን እንቀንሳለን። ማጣሪያ እንደ ግንብ በአንድ ነጥብ ላይ ስለማይቆርጥ፣ ማዳከሙን ከወሰኑ ጥቂት ዝቅ ብሎ እንዲጀምር ይደረጋል። የተለመደው የስልክ መስመር ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ብቻ የሚያሳልፈው አንዱም በዚህ ምክንያት ነው።

በትክክል የተሠራ ቅነሳም ቢሆን ዋጋ ያስከፍላል። የ«ሰ» ጉልበት በአብዛኛው ከ4,000 ኸርዝ በላይ ነው። ይህ ክፍል ሲቆረጥ የሚቀረው ደካማ ሹክሹክታ ከ«ፈ» ጋር ይመሳሰላል። «ልጁ ሠራ» የሚለው «ልጁ ፈራ» ተብሎ ሊሰማ ይችላል። አማርኛ አዋቂ ከንግግሩ አካሄድ ያቃናው ይሆናል። ነገር ግን ተናጋሪዎቹ ጥቂት አረጋውያን ብቻ መሆናቸው በጥናት የተመዘገበውን የኦንጎታን ቋንቋ የሚቀዳ ተመራማሪ እንዲህ ያለውን ልዩነት ቢያጣ፣ ነገ ማንን ጠይቆ ያቃናዋል? የተጣለውን ድግግሞሽ ናሙና በማብዛት መልሶ ማግኘት አይቻልም፤ ፋይሉ ይተልቃል እንጂ የጠፋው ድምፅ አይመለስም።

እንግዲህ ዋናውን ቅጂ ሳንነካ ማስቀመጥ፣ ለመላኪያ ወይም ለስሌት የሚሆነውን ከቅጂው ግልባጭ ማዘጋጀት፣ ለንግግር ጥናትም ቢያንስ 16,000 ናሙናዎችን መያዝ ይገባናል።

መልመጃ፦ በሰከንድ 48,000 ናሙናዎች የተቀዳ ድምፅ ያለ ማጣሪያ ወደ 16,000 ቢወርድ፣ በውስጡ የነበረው የ11,000 ኸርዝ ፉጨት በስንት ኸርዝ ይሰማል?