ኢዮጴ፦ የዮናስና የጴጥሮስ ወደብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ዛሬ ያፎ የምትባለው ከተማ በቅዱስ መጽሐፍ ኢዮጴ ተብላ ትጠራለች። ከኢየሩሳሌም በስተ ምዕራብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በታላቁ ባሕር ዳርቻ ትገኛለች። ሰሎሞን ቤተ መቅደስን ባነጸ ጊዜ የሊባኖስ እንጨት በባሕር እየተንሳፈፈ የደረሰው በዚህ ወደብ ነው። ከምርኮ መልስም ለሁለተኛው መቅደስ ዝግባ የመጣው በዚሁ በር ነው።

ቤተ ክርስቲያን በጾመ ነነዌ የምታስበው ነቢዩ ዮናስ የአሕዛብን ከተማ እንዲገሥጽ ቢታዘዝ፣ በኢዮጴ ዋጋ ከፍሎ ወደ ተርሴስ በምትሄድ መርከብ ተሳፈረ። ከብዙ ዘመን በኋላ ጌታችን የዮና ልጅ ብሎ የጠራው ስምዖን ጴጥሮስ ከልዳ ወደ ኢዮጴ መጣ፤ ለመበለቶች ልብስ ትሠራ የነበረችውን ጣቢታን በጸሎት ከሞት አስነሣት። በባሕሩ አጠገብ በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት ሳለም ራእይ አይቶ፣ ወደ ቂሣርያ ወደ መቶ አለቃው ወደ ቆርኔሌዎስ ሄደ። ነቢዩ ከአሕዛብ ከሸሸባት ከተማ ሐዋርያው ወደ አሕዛብ ተነሣ።

በኋላ ዘመን ኢዮጴ የኢየሩሳሌም ተሳላሚዎች በር ሆነች። ይሁን እንጂ ባሕሩ በዳርቻው ጥልቀት ስለሌለውና ዐለት ስለሚበዛበት ትልልቅ መርከቦች ከሩቅ መልሕቅ ይጥሉ ነበር፤ ተሳላሚውን በማዕበል መካከል ወደ የብስ የሚያደርሱት ጀልባ ቀዛፊዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1892 እስከ ኢየሩሳሌም የባቡር ሐዲድ ተከፈተ። በ1948ቱ ጦርነት ከዐረብ ነዋሪዎቿ አብዛኞቹ ተሰደዱ፤ በ1950 ከቴል አቪቭ ጋር ተዋሐደች። በ1965 የአሽዶድ ወደብ ሥራ ሲጀምር የንግድ መርከቦች ወደ ያፎ መምጣታቸው ቀረ።

ዛሬ በወደቡ የዓሣ አጥማጆች ጀልባዎች ይታያሉ፤ የቀድሞዎቹ መጋዘኖች ምግብ ቤትና ሱቅ ሆነዋል። በከተማዋ አይሁድ፣ ሙስሊሞችና ክርስቲያኖች አብረው ይኖራሉ። የቅድስት ጣቢታ መቃብርም በሩስያ ኦርቶዶክስ ገዳም ቅጥር ውስጥ ይታሰባል።

የዛሬው ተሳላሚ ማዕበል ሳያገኘው፣ ጴጥሮስ ወደ ኢዮጴ በተነሣባት በልዳ አቅራቢያ ከአውሮፕላን ይወርዳል። መንገዱ ቀሏል፤ ጥሪው ግን አልቀለለም። ከወንድሙ ጋር ተጣልቶ የመጣ፣ ዕርቅ የሚጠብቀው፣ እናት አባቱን ለመጠየቅ የዘገየ ሰው ሁሉ በልቡ ኢዮጴ አለች፤ ከዚያ እንደ ዮናስ መሸሽም እንደ ጴጥሮስ መታዘዝም ይቻላል። ዮናስንም ቢሆን እግዚአብሔር በሸሸበት ባሕር አልተወውም፤ ሁለተኛ ጠራው፤ እርሱም ሄደ።

የሐዋርያው የቅዱስ ጴጥሮስ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።