7.5 ካሬ ለሁለት ሰው

ልጄ፣ ውሉ ተፈርሞ ትኬቱ መቆረጡን እናትሽ ደውላ አበሠረችኝ። በዚያው ትንፋሽ በሶው ተፈጭቶ፣ በርበሬው ተደልዞ፣ ስንቁ በኬሻ እየታሰረ መሆኑንም ነገረችኝ። እሷን መከልከል የኔ ፋንታ አይደለም፤ አንቺን መምከር ግን የአጎት ወግ ነው። እኔ ከአሰብ እየተነሳሁ የሠራሁት በጭነት መርከብ ነው። አንቺ የምትሄጂው ለሽርሽር የወጣ ሰው በሚጭን መርከብ፣ የእንግዳ ክፍል ልታሰናጂ ነው። የካቢን ነገር ግን የትም ያው ነው። አርዲቦ ሐይቅ ዳር ሆኜ የጻፍኩልሽን ሻንጣሽን ከመዝጋትሽ በፊት አንብቢው።

1. የምትገቢበትን ቤት በልኩ እወቂው።

በስልክ የላኩልሽ ፎቶ፣ ያ በረንዳና ሰፊ አልጋ ያለው፣ የእንግዳው ክፍል ነው። ያንቺው ታች ነው፤ መስኮት የለውም፣ አልጋው ተደራራቢ ነው፣ ከማታውቂያት ሴት ጋር ትጋሪዋለሽ። ልኩን ሕግ ወስኖታል። በ2006 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ ጸድቆ በ2013 ሥራ ላይ የዋለው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት፣ በመንገደኛ መርከብ ላይ ሁለት ሠራተኛ የሚተኛበት ክፍል ከ7.5 ካሬ ሜትር እንዳያንስ ያዛል። አልጋው ከውስጥ ቢያንስ 198 በ80 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። ለእያንዳንዳችሁ 475 ሊትር የሚይዝ ቁም ሳጥንና 56 ሊትር የሚይዝ መሳቢያ ይገባችኋል፤ ቁም ሳጥኑም ከባለቤቱ በቀር ሌላ ሰው እንዳይከፍተው የሚቆለፍ ነው። ሊትሩ ግራ እንዳያጋባሽ፦ ባለ 200ውን የውሃ በርሜል ታውቂዋለሽ፤ ቁም ሳጥንሽ ከሁለት በርሜል ትንሽ ያልፋል። ዩኒፎርሙ፣ የሥራ ጫማውና ኮቱ ገብተውበት የሚተርፈውን አንቺው ገምቺ። ስምምነቱ ከመጽናቱ በፊት የተሠራ አሮጌ መርከብ ከደረሰሽ ከዚህም ሊጠብ ይችላል።

2. ጠንካራ ሳምሶናይት አትግዢ።

ደሴ ወጥተሽ ያንን የሚያብረቀርቀውን አይተሽ ልብሽ እንዳይሸፍት። ሞልቶ ሲሄድ ያምራል፤ ባዶውን የት ልታኖሪው ነው? አይታጠፍም። ከአልጋ ሥር አልገባ ካለ መሐል ወለል ላይ ቆሞ እስክትመለሺ ሁለታችሁንም ሲያደናቅፍ ይከርማል። የጨርቅ ሻንጣ ይበቃሻል፤ ሲራገፍ ተጣጥፎ አንድ ጥግ ይገባል። የዓመት ሳሙናና ቅባትም አትሰንቂ፣ መርከቡ ላይ ለሠራተኛ የሚሸጥ ሱቅ አለ፣ ወደብም አለ። የውስጥ ልብስና ካልሲ ግን አብዢ። የሠራተኛው ማጠቢያ ማሽን ወረፋ አያጣውም።

3. ዕቃሽን በጨለማ እንድታገኚው አድርገሽ አስቀምጪ።

እዚህ አርዲቦ ላይ ገና ሳይነጋ የሚወጣውን ዓሣ አስጋሪ ልብ ብለሽ አይተሽው ከሆነ፣ ታንኳው ላይ ዕቃ ሲፈልግ አይዳብስም። መረቡ፣ የውሃ መቅጃው፣ በፌስታል የቋጠራት ምሳው ዘወትር በአንድ ቦታ ናቸው። እጁ ያውቃቸዋል። ካቢንም እንደዚያ ነው የሚያዘው።

ምክንያቱን ልንገርሽ። መስኮት የሌለው ክፍል መብራት ሲጠፋበት ዓይን የሚለምደው ዓይነት ጨለማ አይደለም፤ እጅሽን ፊትሽ ላይ ብታመጪው አታዪውም። በዚያ ሰዓት ነው የአደጋ ደወሉ ሊመጣብሽ የሚችለው፦ ሰባትና ከዚያ በላይ አጫጭር፣ ከዚያ አንድ ረጅም። ይህን ስትሰሚ ጫማሽ፣ ሙቅ ልብስሽ፣ ባትሪሽና የሕይወት አድን ጃኬትሽ መብራት ሳትፈልጊ እጅሽ መግባት አለባቸው። ጃኬቱ ካቢን ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ ሻንጣ ጭነሽበት እንዳላይ። ጫማሽን ከመኝታሽ ራስጌ በኩል አፉን ወደ በሩ አዙረሽ አኑሪው። ወለል ላይ ልቅ ሆኖ የተተወ ጫማ ባሕሩ ሲናወጥ የጎረቤትሽ አልጋ ሥር ይገባል።

ጃንዋሪ 13 ቀን 2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለው የጣሊያን መርከብ ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ከዓለት ጋር ተጋጭቶ 32 ሰው ሞተ። በዚያው ቀን ከተሳፈሩት መንገደኞች ብዙዎቹ የአደጋ ልምምዱን ገና አላዩም ነበር፤ የዘመኑ ደንብ በ24 ሰዓት ውስጥ ይደረግ ስለሚል ነው። ከዚያ ወዲህ ልምምዱ መርከቡ ሳይነሳ ወይም እንደተነሳ ወዲያው እንዲሆን ተደንግጓል። ስለዚህ ስትሳፈሪ ከልብስ ድርደራው በፊት መንገዱን ልመጂው፤ ከበርሽ እስከ መሰብሰቢያው ድረስ ስንት ጊዜ እንደምትታጠፊ፣ ደረጃው በየትኛው እጅሽ እንደሆነ። ልብሱ ማታም ይደረደራል።

4. እሳት የሚባል ነገር ይዘሽ አትግቢ።

ከሁሉ አጥብቄ የምይዝሽ እዚህ ላይ ነው። ከሰል፣ ሰንደል፣ ሻማ፣ ካውያ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ በኤሌክትሪክ የምትፈላው ጀበና ጭምር እዚሁ ይቅሩ። ለወሎ ሰው ቡና ያለ እጣን ምኑ ቡና ነው ትዪኝ ይሆናል። እኔም እላለሁ። ነገር ግን ጣሪያው ላይ ያለው ጭስ ጠቋሚ የእጣን ጭስና የቃጠሎ ጭስ አይለይም። ወዲያው የካፒቴኑ ማዘዣ ክፍል ውስጥ ይጮኻል፣ እሳት ለማጥፋት የሠለጠኑት ሰዎችም በርሽ ላይ ይቆማሉ። ለዚህ ጥፋት ከሚቀጥለው ወደብ ወደ ሀገር መሸኘት ሊመጣ ይችላል፤ ማንም አይማልድሽም።

መርከበኛ ከማዕበል ይልቅ እሳት ይፈራል፤ የሚሸሽበት የለውምና። በ2006 እ.ኤ.አ. ማርች ወር ስታር ፕሪንሰስ የተባለ የሽርሽር መርከብ ወደ ጃማይካ ሲጓዝ ሌሊት በረንዳ ላይ እሳት ተነሳበት። መርማሪዎቹ የደረሱበት፣ ሳይጠፋ የተጣለ የሲጋራ ቁራጭ ሳይሆን አይቀርም የሚል ነው። በርካታ ክፍሎች ነደዱ፣ አንድ ሰው በጭሱ ሞተ። ያንቺን ሥራ በቀጥታ የሚነካው ግን ስካንዲኔቪያን ስታር የተባለው መርከብ ታሪክ ነው። አፕሪል 7 ቀን 1990 ከኦስሎ ወደ ዴንማርክ ሲሄድ መጀመሪያ የተገኘው እሳት ከአንድ ካቢን ደጅ የተቀመጠ የአልጋ ልብስ ላይ ነበር። እሱን አጠፉት። ኮሪደር ላይ የተነሳው ሁለተኛው እሳት ግን 159 ሰው ፈጀ፤ አብዛኛውን የገደለው ነበልባሉ ሳይሆን ጭሱ ነው። እናም የቀየርሽውን አንሶላና ፎጣ ኮሪደር ላይ ከምረሽ ለሻይ እንዳትሄጂ። ማንም ቢያጣድፍሽ፣ አለቃሽም ቢሆን፣ ወደ ቦታው አድርሰሽው ሂጂ።

ኤሌክትሪኩም የራሱ ጠባይ አለው። ቤታችን ውስጥ ከሁለቱ ሽቦዎች ኃይል የሚሸከመው አንዱ ነው፤ መርከብ ላይ በአብዛኛው ሁለቱም ይሸከማሉ። ለየብስ የተሠራው፣ ከኃይል መዋዠቅ ይከላከላል የሚባለው ማከፋፈያ እዚያ ላይ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ በፍተሻ ካገኙት ይወስዱታል። ለስልክሽ ብዙ የዩኤስቢ ቀዳዳ ያለው ተራ ቻርጀር ያዢ፤ ስትወጪም ከሶኬቱ ንቀዪው።

የቡናውን ነገር ጨርሶ አልነፈግሽም። ተቆልቶ የተፈጨ ቡና ክዳኑ በሚጠብቅ ቆርቆሮ ይዘሽ ሂጂ። ሠራተኛው የሚመገብበት አዳራሽ የፈላ ውሃ አይጠፋም። አቦሉን እዚያ ጠጪ፣ ለጎረቤትም ቅጂ። ከፊሊፒንስም ከህንድም የመጣ ሰው ይቀመጥሻል፤ በረካው ላይ ሲደርስ ወዳጅ ሆኗል።

5. ከኬሻው ውስጥ ምረጪ።

ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ ታሽገው ትንሽ ትንሽ ይሁኑ። ቋንጣና ቅቤ አይሆኑም። የሥጋና የወተት ነገር ብዙ ወደቦች ላይ ይወረሳል፣ አንዳንዱም ያስቀጣል። ቅቤው ደግሞ ቢያልፍልሽ እንኳ በ7.5 ካሬ ውስጥ ሽታውን አብራሽ የምትተኛዋ አትችለውም። የተከፈተ ምግብ በመሳቢያ አታሳድሪ። ወደ አሜሪካ ወደብ የሚገባ መርከብ ለጤና ተቆጣጣሪዎች ድንገተኛ ፍተሻ ይቀመጣል፣ ከ100 ነጥብ 85 ወይም ከዚያ በታች ያገኘ ወድቋል። አንዲት በረሮ ለስንቱ ሰው ጣጣ እንደምታመጣ ሥራ ስትጀምሪ ትረጂዋለሽ።

6. ሰላትሽ።

መስገጃሽ ቀጭን ይሁን። ከካቢን ጓደኛሽ ጋር መጀመሪያውኑ ተነጋገሪ፤ ወለሉ ለአንድ ሰው መስገጃ ይበቃል፣ እሷ ግን አልጋዋ ላይ መቆየት ሊኖርባት ነው። ያለ ጊዜዋ ቀስቅሰሽ ከምታስቀይሚያት አስቀድመሽ ሰዓቱን ንገሪያት። ቂብላውን በስልክሽ ኮምፓስ እንዳትፈልጊ፣ ግድግዳው ብረት ስለሆነ ያሳስታል። መርከቡ የት እንዳለና ወዴት እንደዞረ በካርታ የሚያሳይ የቴሌቪዥን ጣቢያ አብዛኛው መርከብ ላይ አለ፤ ከእሱ ተነስተሽ አስቢው። ከአንድ አገር ወደ ሌላው ሲታለፍ ሰዓት ስለሚቀያየር የረመዷን ጊዜ በተለይ ማስታወቂያውን ሳታዪ አትተኚ።

7. ሽንት ቤቱ በአየር ይስባል፤ ድምፁ መጀመሪያ ያስደነግጥሻል። ከወረቀት በቀር ምንም አትጣዪበት፤ አንዷ የጣለችው ጨርቅ የመላውን ኮሪደር ሊዘጋው ይችላል። የመታጠቢያው በር ደፍ ከፍ ያለ ነው፣ እንቅልፍ ይዞሽ ስትነሺ እግርሽን ጠብቂ።

8. የሚንኳኳውን ዝም አሰኚ።

ባሕሩ ሲነሳ መሳቢያ ውስጥ ያለች አንዲት ማንኪያ ግራ ቀኝ እየተንከባለለች ሌሊቱን ሙሉ ታስቆጥርሻለች። ተነሺና ፈልጊያት። ካልሲ ጠቅልዪባት። ብርጭቆና ጠርሙስ በፎጣ ተጠቅልሎ ከታች ይቀመጥ፤ ከበድ ያለ ዕቃ ከላይ አይውጣ። መንጠቆ ቢያጥርሽ ማግኔት ያለው ማንጠልጠያ ብረቱ ላይ ይይዝልሻል፤ ሙጫ አትለጥፊ፣ ምስማርም አታስቢ። የጓደኛሽ መሳቢያ ባዶ ቢሆንም የሷ ነው። የአልጋሽ መጋረጃ የተዘጋ በር ማለት ነው፤ የሷም ሲዘጋ እንኳን ለመግለጥ ለማናገርም ምክንያት ይኑርሽ።

9. የእንግዳውን ክፍል እወቂለት።

ከፍሎ የመጣ ሰውም ዕቃ የሚያኖርበት ይጠፋዋል። ባዶ ሻንጣው አልጋው ሥር እንደሚገባ፣ ካዝናው እንዴት እንደሚዘጋ፣ የፀጉር ማድረቂያው በየትኛው መሳቢያ እንዳለ፣ ጃኬቱ የት እንደሆነ ሳይጠይቅሽ አሳዪው። ትንሿ ፍሪጅ ብዙ ጊዜ እንደ ቤት ፍሪጅ አታቀዘቅዝም፤ መድኃኒት የሚያኖርባት ካለ አስቀድመሽ አሳስቢ። ሲወርድ ደግሞ አልጋው ሥር ጎንበስ ብለሽ እዪ፣ ካዝናውም ባዶ መሆኑን አረጋግጪ። ሰው ፓስፖርቱን የሚረሳው በደህና ቦታ ስላስቀመጠው ነው። ያገኘሽውን በዚያችው ደቂቃ አስመዝግቢ፤ ኪስሽ ውስጥ ለአንድ ፎቅ እንኳ አይውረድ።

ላይ ያለውን ሰፊ ክፍል እያየሽ አትቆጪ። ማዕበል ሲመጣ ብዙ የሚወዛወዘው ከፍተኛው ፎቅና ጫፉ ነው። ታች፣ ወገቡ ላይ የተኛ ሰው ይሻለዋል። ውድ የከፈለው ሲያስመልሰው አንቺ ትተኛለሽ።

10. ወረቀትሽ።

ፓስፖርት፣ የመርከበኛ ደብተር፣ የሥልጠና ምስክር ወረቀት፣ የቢጫ ወባ ካርድና ውልሽ ውሃ በማይገባው አንድ ቦርሳ ይግቡ፣ እሱም ከእጅሽ ሻንጣ አይለይ። የሚጫነው ሻንጣ ሊዘገይ ወይም ሌላ አገር ሊወርድ ይችላል። ፓስፖርቱን መርከቡ ላይ ለቢሮው ታስረክቢ ይሆናል፤ የተለመደ ነው። ውሉን ግን ቁም ሳጥንሽ ውስጥ ቆልፊበት፤ የምትመለሽበት ቀን ያለው እሱ ላይ ነው። ሳታርፊ መርከብ ላይ የምትቆዪበት ጊዜ ከ12 ወር እንዲያንስ ያ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ያዛል። የሁሉንም ፎቶ ኮፒ ለኔ ተዪልኝ። ለእናትሽ አትስጪያት፣ ቡና ለመጣ ሰው ሁሉ ታሳየዋለች።