ሁለቱን ጎማዎች ስለሚያጣምደው የመሪ ዘንግ

ገበሬ ሁለት በሬዎች ጠምዶ ሲያርስ ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው ቀንበሩ ነው። ቀንበሩ ቢሰበር ወይም ማነቆው ቢላላ አንዱ በሬ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ገበሬውም ምንም ብርቱ ቢሆን ትልሙን ሊያቀና አይችልም። በመኪናም ላይ ሁለቱን የፊት ጎማዎች እንደ ቀንበር የሚያጣምድ አንድ የብረት ዘንግ አለ። ይህም የመሪ ዘንግ ወይም ታይሮድ ይባላል። በዘንጉ ጫፍና ጫፍ ያሉትን መገጣጠሚያዎች የጋራዥ ሰዎች ቴስቲና ይሏቸዋል፤ ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ትንሽ ራስ» ማለት ነው። ፍሬን፣ ማርሽና ካምቢዮ የሚሉትም ቃላት ወደ ጋራዦቻችን የገቡት ከዚያው ቋንቋ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ያረጀ ቴስቲና በምን እንደሚታወቅና እንዴት እንደሚለወጥ ለመግለጽ እወዳለሁ። ሥራውን በደልጊ፣ በግቢያችን ውስጥ፣ ከአጎቴ ጋር ሆኜ ሠርቼዋለሁ። በዚህ ሥራ ከጉልበት ይልቅ መቁጠርና መለካት እንደሚበልጡ ከዚህ በታች የሚነበበው ያስረዳል።

ጥማድ በሬ በእርሻው ዳር ሲዞር የውስጠኛው በሬ ጥቂት ብቻ ይራመዳል፤ የውጭው ግን ሰፊ ዙር ይዞራል። መኪናም ስትታጠፍ እንዲሁ ነው። የውስጠኛው ጎማ ጠበብ ባለ ክብ ላይ ስለሚሄድ ከውጭው ይልቅ አብዝቶ መታጠፍ አለበት፤ አለዚያ አንደኛው ጎማ እየተፋቀ ይጎተታል። ይህን ችግር ለሠረገላ ያቃለለው የሙኒክ ሠረገላ ሠሪ ጌኦርግ ላንከንስፔርገር ነበር። ሩዶልፍ አከርማን በ1818 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር የፈጠራ መብት ስላወጣበት ግን ዘዴው እስከ ዛሬ የሚጠራው በአከርማን ስም ነው። ምስጢሩ ከሁለቱ ጎማዎች የሚወጡት ክንዶች ወደ መኪናዋ መካከል ዘንበል ማለታቸውና በመሪ ዘንግ መያያዛቸው ነው። ስለዚህ የዘንጉ ርዝመት በጥቂት ሚሊሜትር ቢለወጥ የሁለቱ ጎማዎች ስምምነት ይፈርሳል።

እንደ ላንድ ክሩዘር ፒካፕና እንደ አይሱዙ የጭነት መኪና ያሉት ከጎማ እስከ ጎማ የሚደርስ አንድ ረጅም ዘንግ አላቸው። እንደ ቪትዝ ያሉት ትንንሽ መኪናዎች ግን በግራና በቀኝ ሁለት አጫጭር ዘንጎች አሏቸው። እኔ የምጽፈው ስለ ፊተኛው ዓይነት ነው፤ የአጎቴ መኪና ከእርሱ ወገን ነውና።

ቴስቲና የሚሠራው እንደ ዳሌያችን መገጣጠሚያ ነው። ክብ የብረት ራስ በጎድጓዳ ጽዋ ውስጥ ተቀምጦ በግሪስ እየታገዘ ይዞራል፤ ከላይም የጎማ ልባስ ይሸፍነዋል። በጣና ዳር ያለው የደምቢያና የጣቁሳ ጥቁር አፈር በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ይሆናል። ልባሱ አንድ ጊዜ ከተቀደደ ይህ አፈር ከግሪሱ ጋር ተለውሶ ብረቱን እንደ ሞረድ ይበላዋል።

የማርጀቱ ምልክቶች እነዚህ ናቸው። መሪው ሲዞር ጎማው ወዲያው አይታዘዝም፤ መኪናዋ በቀጥታ መንገድ ወዲያና ወዲህ ትዋልላለች፤ የጎማው ጥርስ በአንድ ወገን ብቻ ያልቃል። ለማረጋገጥ የፊት ጎማውን ከመሬት ጥቂት አንሥቶ፣ በሰዓት ፊት ላይ 3 እና 9 ቁጥር በሚሆኑበት ቦታ በሁለት እጅ ይዞ መነቅነቅ ነው። ሌላ ሰው እጁን በቴስቲናው ላይ ቢያሳርፍ ልቅነቱን በጣቱ ይሰማዋል። ንቅናቄው በ12 እና በ6 ቁጥር በኩል ከሆነ ግን ጥፋቱ የቴስቲና ሳይሆን ምናልባት የጎማው ኩሽኔታ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንለፍ።

1ኛ. መኪናዋን በደልዳላ መሬት ላይ አቁሞ የእጅ ፍሬን መያዝና ለኋላ ጎማዎች ታኮ ማድረግ። በክሪክ ካነሡ በኋላ አክስሉን በጠንካራ የብረት መቆሚያ ላይ ማሳረፍ ያስፈልጋል። በክሪክ ብቻ ከቆመች መኪና ሥር መግባት ሞትን በገዛ እጅ መጥራት ነው።

2ኛ. ምንም ነገር ከመፈታቱ በፊት ከአንዱ ቴስቲና መካከል እስከ ሌላው መካከል ያለውን ርዝመት ለክቶ በወረቀት መጻፍ።

3ኛ. ዳዶውን የሚቆልፈውን ሽቦ፣ ማለት ኮፒሊያውን፣ አውጥቶ ዳዶውን መፍታት። የቴስቲናው እግር ሾጣጣ ስለሆነ ዳዶው ቢወጣም በክንዱ ቀዳዳ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። በመጎተቻ መሣሪያ ማላቀቅ ይሻላል። መጎተቻ ከሌለ በአንድ ወገን ከባድ መዶሻ ደግፎ፣ ቀዳዳውን የያዘውን የክንዱን ራስ ከሌላው ወገን በመዶሻ መምታት ነው።

4ኛ. ማጥበቂያውን አላልቶ አሮጌውን ቴስቲና ከዘንጉ ላይ እየቆጠሩ መፍታት። የዘንጉ አንደኛው ጫፍ እንደ ተራ ብሎን ወደ ግራ ሲያዞሩት ይፈታል፤ ሌላው ጫፍ ግን በተቃራኒው ነው። በእኛ ሥራ ላይ 17 ዙር ተቆጠረ፤ እኔም ቁጥሩን በግድግዳው ላይ በጠመኔ ጻፍሁት።

5ኛ. አዲሱ ከአሮጌው ጋር በጥርሱ፣ በውፍረቱና በርዝመቱ አንድ መሆኑን አይቶ በዚያው ቁጥር ማስገባት። ሾጣጣውን እግርና ቀዳዳውን አጽድቶ፣ ግሪስ ሳይቀቡ መግጠምና ዳዶውን የመኪናዋ መጽሐፍ በሚያዘው ልክ ማጥበቅ ይገባል። ዳዶው እንደ ፋሲል ግንብ ራስ ጥርስ ያለው ነው። የኮፒሊያው ቀዳዳ ከጥርሱ ክፍተት ጋር ባይገጥም ጥቂት ጨምሮ ማጥበቅ እንጂ ወደ ኋላ ማላላት አይገባም። ኮፒሊያውም ሁልጊዜ አዲስ ይሁን።

ዙር መቁጠር ለምን እንደሚያስፈልግ በሒሳብ እንመልከት። የጥርሱ እርምጃ 1.5 ሚሊሜትር ነው እንበል፤ በቴስቲናው አንድ ዙር ብንሳሳት ዘንጉ በ1.5 ሚሊሜትር ይለወጣል። የክንዱ ርዝመት 15 ሳንቲሜትር፣ የጎማው ቁመት 75 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ ጎማው ክንዱን 5 እጥፍ ስለሚሆን ስሕተቱም 5 ጊዜ ይባዛል። ስለዚህ በሁለቱ ጎማዎች የፊት ለፊት ስፋትና የኋላ ስፋት መካከል የ7.5 ሚሊሜትር ልዩነት ይፈጠራል። ይህም መኪናዋ 1 ኪሎ ሜትር በሄደች ቁጥር እያንዳንዱ ጎማ 5 ሜትር ያህል ወደ ጎን እንደሚፋቅ ያህል ነው። ውድ ጎማ በአጭር ጊዜ የሚያልቀው በዚህ ዓይነት ነው።

ከተገጠመ በኋላ መኪናዋን በአራት እግሯ አቁሞ መሪውን ቀጥ ማድረግ ያስፈልጋል። በሁለቱ የፊት ጎማዎች ላይ በስተፊት፣ በአክስሉ ቁመት ልክ፣ በጠመኔ ምልክት አድርጎ በምልክቶቹ መካከል ያለውን ስፋት መለካት። ቀጥሎ ምልክቶቹ በስተኋላ በዚያው ቁመት እስኪመጡ መኪናዋን ወደ ፊት ገፍቶ እንደገና መለካት። የሁለቱ ልዩነት የመኪናዋ መጽሐፍ ከሚያዘው ጋር ካልተስማማ ዘንጉን በጥቂቱ እያዞሩ ማስተካከል ነው። ዘንጉ ከአክስሉ በስተኋላ ከሆነ ሲረዝም ጎማዎቹ በፊት ይቀራረባሉ። በመጨረሻ ማጥበቂያዎቹን ማጥበቅ አይረሳም። ይህ የቤት ልኬት መኪናዋን በደኅና ወደ ከተማ ያደርሳታል እንጂ የጋራዥን መለኪያ መሣሪያ አይተካም።

የእኛ መኪና ቴስቲና ማርጀቱ የታወቀው በገበያ ዋዜማ ነበር። አንድ ጎረቤታችን በከመነዳሪ ጠበቅ አድርጎ አስሮ ገበያውን መዋል እንደሚቻል መከሩ፤ ሌላው ደግሞ በብየዳ ይሁን አሉ። አጎቴ ግን፣ «ገንዘቡ የእኔ ነው፤ በላዩ የሚሳፈሩት ነፍሶች ግን የእኔ አይደሉም» ብለው አዲሱ ዕቃ እስኪመጣ መኪናዋን ሁለት ቀን አቆሟት። የገበያው ገቢ ቀረ፤ ቤታችንም ያን ሳምንት በቁጠባ አሳለፈ። እኔም አጎቴ ትክክል ነበሩ እላለሁ። ከመነዳሪ ልቅነቱን ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ አያስቀረውም። ብየዳም ተቀጥቅጦ የተሠራውን ብረት በሙቀት ለውጦ ሳይታሰብ እንዲሰነጠቅ ያደርገዋል። ቴስቲና ተነቅሎ የወጣ እንደሆነ አንዱ ጎማ ከመሪው ትእዛዝ ውጭ ይሆናል፤ በዚያን ጊዜ የነጂው ችሎታ ምንም አይረዳም።

ስለዚህ ወላጆቻችን ከጉዞ በፊት የጎማ ልባሱን አንድ ጊዜ ቢመለከቱ፣ እኛ ተማሪዎችም በትምህርት ቤት የተማርነውን ማባዛትና ማካፈል ይዘን ብንረዳቸው መልካም ነው። ሥራው ሲፈጸምም የሠለጠነ መካኒክ ይመልከተው። አበው ሳይቃጠል በቅጠል እንዳሉት፣ ልባሱ በተቀደደ ጊዜ ቶሎ መለወጥ ከብዙ ጥፋት ያድናል።