የመገጣጠሚያ በሽታና የዘር ውርስ፦ ከፊደሉ በላይ ያለው ነጥብ

አንዲት አሮጊት ከመቀመጫቸው ሲነሡ ጉልበታቸውን ይዘው «ይህንንስ ከእናቴ ነው የወረስሁት» ይላሉ። ሐኪሙ ደግሞ «እማማ፣ እርጅና ነው» ይላቸዋል። ለእውነቱ ይበልጥ የሚቀርበው የማን ቃል ነው? ጥያቄው በሕዝብ ዘንድ በጥቅሉ ቁርጥማት ከሚባሉት ሕመሞች አንዱን፣ በሕክምና ቋንቋ ኦስቲዮአርትራይተስ የሚባለውን የመገጣጠሚያ በሽታ ይመለከታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 528 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይህ በሽታ ነበረባቸው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

በመገጣጠሚያ ላይ የሚገናኙት የአጥንት ጫፎች ልም አጥንት በተባለ ለስላሳ ሽፋን የተሸፈኑ ናቸው። ይህ ሽፋን የደም ሥርም ሆነ ነርቭ የለውም። ኮንድሮሳይት የሚባሉት ሕዋሳቱ ከይዘቱ ጥቂት መቶኛውን ብቻ ይይዛሉ፤ ሆኖም የጥገናው ሥራ በሙሉ የወደቀው በእነርሱ ላይ ነው። በሽታው የጫማ ሶል እንደሚያልቅ ያለ ተራ መፋቅ አይደለም። እነዚሁ ጠጋኝ ሕዋሳት ልም አጥንቱን የሚያፈርሱ ኢንዛይሞችን ከልክ በላይ ማመንጨት ይጀምራሉ። ተመራማሪዎችን ያስጨነቀውም ጠጋኙ አፍራሽ የሚሆንበት ምክንያት ነው።

የዘር ድርሻን ለመለካት ጥንታዊው መንገድ መንትዮችን ማነጻጸር ነው። ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮች ዲኤንኤያቸው አንድ ዓይነት ሲሆን፣ ከሁለት እንቁላል የተገኙት ግን እንደማናቸውም ወንድምና እህት በአማካይ ግማሹን ይጋራሉ። ቲም ስፔክተርና ባልደረቦቻቸው በ1996 በእንግሊዝ አገር ሴት መንትዮች ላይ ባወጡት ጥናት፣ በእጅና በጉልበት ላይ ለሚታየው የበሽታው ልዩነት የዘር ድርሻ ከ39 እስከ 65 በመቶ መሆኑን አሳዩ።

ተማሪ ሁሉ የሚሰናከልበት ቦታ ይህ ስለሆነ ጥቂት እንቆይበት። 65 በመቶ ማለት ከአንዲት ሴት የጉልበት ሕመም ውስጥ 65 በመቶው ከእናቷ መጣ ማለት አይደለም። ቁጥሩ የሚናገረው በአንድ ሕዝብ ውስጥ ከሰው ሰው የሚታየው ልዩነት ምን ያህሉ በዘር ልዩነት እንደሚገለጽ ነው። ሁሉም ሰው እኩል ሸክም የሚሸከምበትን መንደር እናስብ፤ በዚያ የዘር ድርሻ ከፍ ብሎ ይታያል። ግማሹ ሕዝብ እንጨት ተሸካሚ፣ ግማሹ ጸሐፊ በሆነበት ከተማ ደግሞ፣ አንድም ዘረመል ሳይለወጥ ድርሻው ዝቅ ይላል።

ታዲያ የትኛው ዘረመል ነው? በ1990 የኮላጅን ዘረመል ጉድለት በአንድ ቤተሰብ ውስጥ በሽታውን እንደሚያመጣ ታውቆ ነበር፤ እንዲህ ያለው ግን ብርቅ ነው። በብዙኃኑ ላይ ከሚሠሩት መካከል እጅግ የተጠናው ጂዲኤፍ5 የተባለው ነው። ይህ ዘረመል በፅንስ ጊዜ መገጣጠሚያዎችን በመሥራት፣ በኋላም በመጠገን ያገለግላል። በ2007 በሺሮ ኢኬጋዋ የሚመራው የጃፓን ቡድን በዚህ ዘረመል መነሻ አካባቢ «ሲ» በምትባለው ፊደል ምትክ «ቲ» ያላቸው ሰዎች ለበሽታው ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን ገለጸ። ፊደሏ ፕሮቲኑን አትለውጠውም፤ የሚመረተውን መጠን ግን ትቀንሰዋለች።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ዘረመል ፍርድ ነው ባልን ነበር። «ገና» የሚለውን ቃል እንመልከት። «ና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፤ ሲላላ «ገና አልመጣም» እንደምንለው ይሆናል። ፊደሉ አንድ፣ ንባቡ ሁለት። አንዳንድ የሰዋስው መጻሕፍት ይህን ለመለየት ከፊደሉ በላይ ነጥብ ያኖራሉ። በዲኤንኤም ላይ ሜቲል የተባለ ትንሽ የኬሚካል ቡድን እንደዚያ ነጥብ ይቀመጣል፤ ብዙውን ጊዜም ዘረመሉን ዝም ያሰኘዋል። ፊደሉን ሳይነኩ ንባቡን የሚለውጡትን እንዲህ ያሉትን ምልክቶች የሚያጠናው ዘርፍ ኢፒጂኔቲክስ ይባላል።

ነጥቡ በሰው ሕዋስ ዘንድ በአብዛኛው የሚቀመጠው «ጂ» በምትከተላት «ሲ» ላይ ነው። በጂዲኤፍ5 ያለችውም ፊደል «ሲ» ስትሆን ቀጥላ «ጂ» ስላለች ነጥቡ ሊያርፍባት ይችላል፤ «ቲ» ስትሆን ግን ማረፊያው ራሱ ይጠፋል። በኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ሉዊዝ ሬይናርድ፣ ጆን ላፍሊንና ባልደረቦቻቸው በ2011 ሁለቱንም ፊደላት በያዙ ሕዋሳት ላይ ነጥቦቹን በመድኃኒት ሲያነሡ፣ በ«ሲ» እና በ«ቲ» ምርት መካከል ያለው ልዩነት ይበልጥ ሰፋ። በሌላ አነጋገር፣ የተወረሰችው ፊደል ክብደት የሚወሰነው በላይዋና በዙሪያዋ ባሉት ነጥቦች ጭምር ነው። ፊደሏ ከወላጅ ትመጣለች፤ ነጥቡ ግን በዕድሜ ዘመን ሊለወጥ ይችላል።

ከዚህ ቀደም ብሎ በ2005 የሳውዝሃምፕተኗ ሄልምትሩድ ሮችና ባልደረቦቻቸው በታመመ ልም አጥንት ውስጥ አፍራሽ ኢንዛይሞችን በሚያዙት ዘረመሎች መነሻ ላይ ነጥቦች ጠፍተው አግኝተዋል። ማነጻጸሪያው የተወሰደው የጭን አጥንታቸው አንገት ከተሰበረ ሰዎች ነበር። ውጤቱ አስደሳች ቢሆንም ጥንቃቄ ያሻዋል፤ በቀዶ ጥገና የሚገኘው የበሽተኛ ልም አጥንት የበሽታውን መጨረሻ እንጂ መጀመሪያውን ስለማያሳይ፣ የነጥቡ መጥፋት መንሥኤ ይሁን ውጤት ከዚያ ብቻ አይለይም። ነጥቦቹን የሚነካ መድኃኒት ለአንዳንድ የደም ካንሰሮች ቢኖርም የሚሠራው በመላው ሰውነት ላይ ነው፤ ለጉልበት ሕመምተኛ የሚታሰብ አይደለም።

በ2025 ከ489 ሺህ በላይ ሕሙማንን ያካተተ ጥናት ከበሽታው ጋር የተያያዙ 962 የዲኤንኤ ልዩነቶችን ዘርዝሯል። ከተሳታፊዎቹ አብዛኞቹ ግን የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ናቸው። ይህ ተራ ቅሬታ አይደለም። በ2017 ቴሬንስ ካፔሊኒ፣ ዴቪድ ኪንግስሊና ባልደረቦቻቸው እንዳሳዩት፣ ይኸው ጂዲኤፍ5 የሚታዘዝበት አንድ የዲኤንኤ ክፍል አጥንትን የሚያሳጥርና ለበሽታው የሚያጋልጥ ቅርጽ አለው። ይህ ቅርጽ በአውሮፓና በእስያ ቢያንስ በግማሹ ሕዝብ ዘንድ ሲገኝ፣ በአፍሪካ ግን በአንጻሩ ብርቅ ነው። ስለዚህ በአውሮፓውያን ላይ የተሠላውን ግምት እንዳለ አምጥቶ በእኛ አሮጊት ላይ መጫን አይቻልም።

የእሳቸውን ለማወቅም የደም ጠብታ ብቻዋን አትበቃም። ፊደላቱ በየትኛውም ሕዋስ አንድ ስለሆኑ ከደም ይነበባሉ፤ ነጥቦቹ ግን ከሕዋስ ዓይነት ወደ ሕዋስ ዓይነት ስለሚለያዩ፣ የጉልበቱ ነጥብ የሚነበበው ከራሱ ከልም አጥንቱ ነው።