ቀኑን ጻፊው

ልጄ፣ ለትንሣኤ ስትመጪ ነጠላሽን ከጉንጭሽ ላይ አላነሳሽም። እናትሽ «ጥርሷን አሟት ነው» አለችኝ። እኔ አጎትሽ ግን ደብረ ማርቆስ ፍርድ ቤት ደጅ ተቀምጬ ለዓመታት ማመልከቻ ስጽፍ እንዲህ የተከናነቡ ብዙ ሴቶች ወደ እኔ መጥተዋል። በሰው ፊት እንዳላሳፍርሽ ብዬ ነው በወረቀት የምነግርሽ።

1. የተመታሽበትን ቀን ጻፊ፤ ባልሽ በምን እንደመታሽና ጩኸትሽን ማን እንደሰማም ጨምሪበት። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 564 ሚስቱን የሚጎዳ ባል እንደማንኛውም አጥቂ በአካል ጉዳት ይጠየቃል ይላል። ከባድ ጉዳት ከሆነ መንግሥት ያንቺን አቤቱታ ሳይጠብቅ ይከሳል። ቀለል ያለው ጉዳት ግን በአብዛኛው የሚያስከስሰው አንቺ ስታመለክቺ ነው፤ ለዚያም ያለሽ ጊዜ ሦስት ወር ብቻ ነው።

2. ሽማግሌ ይመጣል። አክብረሽ አስቀምጪ፣ ቡና አፍይ፣ ስሚ። ግን አስቀድመሽ አመልክቺ። ይህን የምልሽ እኔ ራሴ በሽምግልና የበደልኳት ሴት ስላለች ነው። ባሏ በማማሰያ ግንባሯን ፈንክቷት ሦስት ሆነን ሄድን። «ጥምቀት ይለፍ» አልናት፤ ቀጥሎ «ቅበላ ነው»፤ ቀጥሎ «በጾም አይካሰሱም»። ባልየው በየጊዜው ጉልበታችንን እየሳመ «አጥፍቻለሁ» ይላል፤ እኛም ደስ ብሎን ጠላችንን ጠጥተን እንመለሳለን። ግንቦት ላይ ዳግም መትቷት ማመልከቻ ልታስጽፈኝ መጣች። የፊተኛውንም ጨምርልኝ ስትለኝ በጣቴ ቆጠርኩ፤ ጊዜው አልፏል። ጠባሳዋ ነጥቶ ከፀጉሯ ሥር ቀጭን መስመር ሆኗል። ሐኪም ጋ አልሄደችም፤ እንዳትሄድ የመከርናት እኛ ነን። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ዝም አልኩ፤ እሷም አልወቀሰችኝም።

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። የክልላችን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ውሳኔውን ለፍርድ ቤት ሰጥቶታል። የወንጀል ክስንም የሚዳኘው ፍርድ ቤት ነው። እርቁ ካመለከትሽም በኋላ ይደርሳል።

3. እናትሽ «ችለሽ ኑሪ» ብትልሽ አትቀየሚያት። በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ሴቶች 63ቱ ባል ሚስቱን የሚመታበት ተገቢ ምክንያት አለ ብለው ነበር፤ ከወንዶቹ እንዲህ ያሉት 28 ናቸው። ዱላውን የተቀበሉት ሴቶች ከተቀበሉት ወንዶች በልጠው መገኘታቸው እስከ ዛሬ ያመኛል። አንቺ ግን የእናትሽን ትዕግሥት የመውረስ ግዴታ የለብሽም።

4. ፖሊስ ጋ ስትሄጂ ለሕክምና ማስረጃ የሚሆን ደብዳቤ እንዲጽፉልሽ ጠይቂ። ደም ከፈሰሰሽ ግን ደብዳቤ አትጠብቂ፤ ቀጥታ ጤና ጣቢያ ግቢ። ሐኪሙ ሲጠይቅሽ «ላም ወግታኝ ነው» አትበይ። በኀፍረት የተናገርሽው ካርዱ ላይ ይሰፍርና ከወራት በኋላ የባልሽ ጠበቃ ችሎት ፊት ያነበዋል።

5. ወንጀል ለማመልከት አይከፈልም። ለፍቺና ለንብረት ክፍፍል ዳኝነት መክፈል ካቃተሽ በደሃ ደንብ መክሰስ ትችያለሽ። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ችሎት በአካባቢያችሁ ግጭት ምክንያት ከተቋረጠባችሁም አትቅሪ፤ ማርቆስ ነይና አብረን እንጠይቅ።

6. የመሬት ደብተሩ የት እንዳለ እወቂ። በደጋ አገር ብዙ ሴት ዱላ የምትችለው በፍቅር ወይም በፍርሃት ብቻ አይደለም፤ «ከወጣሁ ምን አርሼ ልጆቼን ላብላ?» ብላ ነው። በ1990ዎቹ የክልላችን የመሬት ምዝገባ ሲሞከር ከመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዱ የእኛው ጎዛምን ነበር። የባልና የሚስት የጋራ ይዞታ በሁለቱም ስም ተመዘገበ፤ ደብተሩ ላይ ፎቷቸው ጎን ለጎን ተለጠፈ። ለምዝገባው ፎቶ የተነሳች አንዲት ጎረቤታችን የራሷን ምስል ወረቀት ላይ ስታይ ያ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ደብተሩን በሻሽ ጠቅልላ ከሙዳይ ሥር ታስቀምጠው ነበር። አንቺም ገልጠሽ ስምሽንና ፎቶሽን እዪ፣ በስልክሽ አንሺውና ላኪልኝ። ባልሽ በቁጣ «ከቤቴ ውጪ» ቢልሽ፣ ቤቱም መሬቱም በእሱ ቃል ብቻ የእሱ አይሆንም።

7. የሕጉን ጉድለት ልደብቅሽ አልፈልግም። ለቤት ውስጥ ጥቃት ብቻ የወጣ ሕግ የለንም። አስገድዶ መድፈርን የሚቀጣው አንቀጽ 620 በገዛ ባሏ የተደፈረችን ሚስት አይጨምርም፤ ይህ የአገር ነውር ነው፤ አጎትሽ ሆኜ ብዙ መናገር ባልችልም እንድታውቂው ፈልጌያለሁ። ደግሞም ዛሬ የተያዘ ባል ነገ በዋስ ሊወጣ ይችላል። ከማመልከትሽ በፊት ያን ሌሊት የት እንደምታድሪ ወስኚ። ዛቻ ካለ ዋስትናው ከመፈቀዱ በፊት ለመርማሪውና ለዐቃቤ ሕጉ ንገሪ፤ ቃልሽም መዝገብ ላይ መስፈሩን እዪ።

የማደሪያው ነገር አያስጨንቅሽ። የውጪውን በር ከዛሬ ጀምሮ አልቀረቅረውም። ውሻውም ያውቅሻል፤ አይጮህብሽም።