የዌበር ካርቡሬተር ታሪክ ለመለዋወጫ ነጋዴ ምን ያስተምራል?

በልደታም ሆነ በሶማሌ ተራ የላዳ ካርቡሬተር የሸጠ ነጋዴ ሁሉ፣ የዕቃው የዘር ሐረግ ከጣሊያኗ ከተማ ከቦሎኛ ይመዘዛል።

የቱሪን ተወላጅ የሆኑት ኤዶአርዶ ዌበር ድርጅታቸውን በቦሎኛ ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1923 ነው። ሥራ የጀመሩት በመንገድ ላይ ለነበሩ የፊያት መኪኖች የሚገጠም መለወጫ ካርቡሬተር በማቅረብ ነበር። ፋብሪካው የተወለደው እዚያው መለዋወጫ ገበያ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል።

ስም ያተረፈለት ባለ ሁለት ጉሮሮው ካርቡሬተር ነው። መኪናው በዝግታ ሲሄድ ጠባቡ ጉሮሮ ብቻ ይሠራል፤ ነዳጅም ይቆጠባል። ሾፌሩ ነዳጅ መስጫውን አጥብቆ ሲረግጥ ሰፊው ይከፈትና ሞተሩ ጉልበት ያገኛል። መሥራቹ በ1945 ደብዛቸው ጠፋ። በ1952 ድርጅቱ በፊያት ቁጥጥር ሥር ዋለ።

ሶቪየት ኅብረት በ1966 ከፊያት ጋር ተዋውላ፣ ከ1970 ጀምሮ ፊያት 124ን መሠረት ያደረገ መኪና በቶሊያቲ ከተማ አመረተች። አዲስ አበባ በሰማያዊና ነጭ ታክሲነት የምታውቀው ላዳ የመጣው ከዚህ ነው። ካርቡሬተሩም በዲሚትሮቭግራድ ፋብሪካ በዌበር ፈቃድ ተሠራ።

የመጀመሪያው ትምህርት እዚህ ላይ ነው። በፈቃድ የተሠራ ዕቃ ከዋናው ጋር በመልክ ቢመሳሰልም የውስጥ ቀዳዳዎቹ ልክ እንደ ሞተሩ ዓይነት ይለያያል። ስለዚህ ገዢ ከካርቶኑ ስም ይልቅ በአካሉ ላይ የታተመውን ቁጥር ማመሳከር አለበት። ያልተስማማ ካርቡሬተር ነዳጅ ይበላል፤ ደንበኛም ያሸሻል።

ሁለተኛው ትምህርት የጊዜ ጉዳይ ነው። የአውሮፓ የጭስ ቁጥጥር ሲጠብቅ አዳዲስ መኪኖች ወደ ኢንጀክሽን ዞሩ። በቦሎኛ የነበረው የዌበር ካርቡሬተር ምርት በ1992 ቆሞ ወደ ስፔን ተዛወረ። ቴክኖሎጂው ከአዲስ መኪና ቢወጣም የአሮጌው መኪና ፍላጎት ወዲያው አልሞተም፤ ከዓመት ዓመት እየጠበበ ሄደ እንጂ።

ኢትዮጵያ በጥር ወር 2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኗ ይህንኑ ጥያቄ በሞተር ዕቃ ነጋዴው ፊት አስቀምጧል። በመንገድ ላይ ያለው መኪና መለዋወጫ መፈለጉ አይቀርም። ነገር ግን የማይተካ መኪና ዕቃ በብዛት አከማችቶ ዋጋ እስኪወጣ መጠበቅ ካፒታልን መደርደሪያ ላይ ማሰር ነው። ቶሎ የሚያልቀውን፣ ማለትም ጋስኬትና ማጣሪያ የመሳሰለውን አስቀድሞ፣ ከባዱን ዕቃ በትእዛዝ ማምጣት ይበጃል።